ሲድኒ ፖይቲየር፦ ከወሰደው ኦስካር ይልቅ የመለሰው ስክሪፕት

የድሮ ፊልም ወዳጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ሲድኒ ፖይቲየር ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ያው አንድ ነገር ነው፣ የዋና ወንድ ተዋናይ ኦስካር የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር፣ በ1964፣ አለቀ። እኔ ግን ስሙ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የመለሰው ስክሪፕት ነው። ረዘም ይላል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።

ጊዜው 1950ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ነው። ሰውዬው የተወሰኑ ፊልሞች ሠርቷል ግን ኪሱ ባዶ ነው፣ ከጓደኛው ጋር ሃርለም ውስጥ የጎድን ጥብስ የሚሸጥ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍቶ ነው የሚኖረው፣ ሚስቱ ደግሞ ሁለተኛ ልጃቸውን ልትወልድ ደርሳለች። በዚህ መሃል ማርቲን ባም የሚባል ለተዋናዮች ሥራ የሚያፈላልግ ኤጀንት ይጠራውና ስክሪፕት ይሰጠዋል፣ ክፍያው በሳምንት 750 ዶላር፣ በዛን ጊዜ ቀላል ብር አይደለም። ቤቱ ወስዶ አነበበው። የሚጫወተው የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ነው፣ ሰውዬው አንድ ወንጀል ያያል፣ ወንጀለኞቹ አፉን እንዲይዝ ያስፈራሩታል፣ በደንብ እንዲገባው ብለው ትንሽ ልጁን ገድለው ሬሳዋን ደጁ ላይ ይጥሉለታል። አባትየው ዝም። ምንም አያደርግም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ፖይቲየር ስክሪፕቱን ይዞ ተመለሰና ይሄን አልሠራም አለ። ለምን ሲሉት በቅጡ አላስረዳም፣ ወጣና አበዳሪ ድርጅት ሄዶ የቤት ዕቃውን አስይዞ 75 ዶላር ተበደረ፣ ለሚስቱ ማዋለጃ። በሳምንት 750 የሚከፍል ሥራ መልሶ የ75 ዶላር ዕዳ ውስጥ ገባ! ከወራት በኋላ ባም አስጠርቶ እስቲ ንገረኝ፣ ስክሪፕቱ ላይ ዘርህን የሚሰድብ ነገር የለ፣ ታዲያ ምን ሆነህ ነው አለው። መልሱ ባጭሩ የኔ አባት እንደዛ ዓይነት ሰው አይሆንም ነበር የሚል ነው፣ ልጁን ገድለውበት ቁጭ ብሎ የሚያይ አባት ሆኜ አልጫወትም ነው ያለው። ባም እንግዲህ እንዲህ ያለ እብድ ከሆንክማ የምይዝህ እኔ ነኝ አለውና ከዛ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አብረው ሠሩ።

እና አባትየው ማን መሰላችሁ፣ ሬጂናልድ ፖይቲየር ባሃማስ ውስጥ ካት አይላንድ የምትባል ያኔ መብራትም ቧንቧም ያልነበራት ደሴት ላይ ቲማቲም የሚያመርት ድሃ ገበሬ ነው። ሲድኒ ራሱ የተወለደው ገበያ ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ አባትና እናቱ ቲማቲም ሊሸጡ ማያሚ በሄዱበት፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1927፣ ሁለት ወር ቀድሞ፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳን የማይሞላ። አባቱ ከዛ በፊትም ልጅ ቀብሯልና ይሄም አይተርፍም ብሎ የጫማ ካርቶን ይዞ መጣ፣ ለመቅበሪያ። እናቱ ኤቭሊን ግን አሻፈረኝ አለች፣ ወጥታ ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት አዋቂ ጋ ሄደች፣ አዋቂዋም ልጅሽ አይሞትም፣ ከነገሥታት ጋር ይራመዳል አለቻት። ካርቶኑ ሳይፈለግ ቀረ፣ ልጁ 94 ዓመት ኖሮ ጃንዋሪ 6 ቀን 2022 ነው ያረፈው።

እናንተስ ስለሱ ምን ታውቃላችሁ?

ማታ ፈረቃ

ወንድሜ ይሄን ያነበብኩት በእረፍት ሰዓቴ ነው፣ ቨርጂኒያ ሆቴል ኪችን ውስጥ ነው የምሠራው። ሳህን አጠባውን ለምን ዘለልከው? ለኔ ዋናው እሱ ነው።

ልጁ 15 ዓመት ሲሆነው ማያሚ ወንድሙ ጋ ላኩት፣ እዛ ደግሞ ነጭና ጥቁር የሚባል ነገር ፊት ለፊት ገጠመው። ዕቃ ሊያደርስ አንድ ነጭ ሴትዮ ቤት በዋናው በር ይሄዳል፣ በጓሮ ዙር ትለዋለች፣ ያደገው ጥቁር በሞላበት ደሴት ነውና ለምን በጓሮ እንደሚዞር አልገባውም፣ ዕቃውን እዛው በሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ፣ ከዛ ኬኬኬ የሚባሉት ጥቁር ጠል ነጮች ወንድሙ ቤት ድረስ ፍለጋ መጡ። ከማያሚ ጠፍቶ ኒው ዮርክ ሲገባ 16 ዓመቱ ነው፣ አውቶቡስ ተራ ሽንት ቤት ውስጥ ተኝቷል፣ ጣሪያ ላይ ተኝቷል፣ በ1943ቱ የሃርለም ረብሻ ጊዜ እግሩን በጥይት ተመቷል፣ ዕድሜውን ዋሽቶ ጦር ሠራዊት ገብቶ ወጥቷል። ሥራው ሁሌ ያው ሳህን ነው።

አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ ሳህን አጣቢ የሚፈልግ ማስታወቂያ ሲያይ ጎን ላይ ተዋናይ እንፈልጋለን የሚል አየ፣ አሜሪካን ኒግሮ ቲያትር ነበር። ዕቃ አጣቢ እንፈልጋለን ሲሉ ሄጄ አጥባለሁ፣ ተዋናይ ከፈለጉም ልሂድ ብሎ ነው የሄደው፣ ስለ ቲያትር ምንም አያውቅም። ፍሬድሪክ ኦኒል የሚባለው ሰውዬ ወረቀት ሰጥቶ አንብብ አለው፣ ንባቡ ቃል በቃል ነው፣ አክሰንቱ ደግሞ የደሴት። ኮሌታውን ይዞ አስወጣውና የሰው ጊዜ አታባክን፣ ሂድና ሳህን ማጠብ የመሰለ ሥራ ፈልግ አለው። ፖይቲየር መንገድ ላይ ሲሄድ ያብሰለሰለው ይሄን ነው፣ ሰውዬው ሳህን አጣቢ መሆኔን በምን አወቀ? አልነገርኩትም። ያን ቀን ነው ተዋናይ ካልሆንኩ ያለው።

ከዛ ሬዲዮ ገዛ። ማታ ማታ የሬዲዮ አስተዋዋቂዎቹን እየሰማ እነሱ ያሉትን እየደገመ ለወራት ምላሱን ገራ። ንባቡን ደግሞ ያስተማረው ኩዊንስ ውስጥ በሚሠራበት ምግብ ቤት የነበረ አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ አስተናጋጅ ነው፣ ጋዜጣው ላይ ምን አዲስ ነገር አለ ሲለው በደንብ ማንበብ አልችልም አለው፣ ልርዳህ? አለው፣ ከዛ በየማታው ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ለሳምንታት ጋዜጣ ዘርግተው አብረው ተቀመጡ። ሰው ከሆነ በኋላ ሊያመሰግነው አላገኘውም። በስተርጅና ቃለ መጠይቅ ሲደረግለት ይሄን ሲያወራ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

እኔም እዚህ እንደመጣሁ የመንጃ ፈቃዱን ጥያቄ ከሥራ በኋላ ቁጭ ብሎ ያስጠናኝ አንድ የኤልሳልቫዶር ሽማግሌ ነበረ። ሥራ ቀየርኩ፣ ስልኩን አልያዝኩም። ቃለ መጠይቁን ያየሁ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰብለ ዘቀበና

@ማታ ፈረቃ አንጀቴን በላኸው። ሰውዬው የሠራበትን ቤት ሄደህ ጠይቅ እንጂ፣ ምናልባት የሚያውቀው አይጠፋም።

ስለ አባቱ ተወራ፣ እኔ ደግሞ ስለ እናቱ ላውራ። ፖይቲየር ከቤት ከወጣ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ አልጻፈላቸውም። ደብዳቤው ውስጥ የምከተው ገንዘብ ከሌለኝ በምን ፊቴ እጽፋለሁ ብሎ ነው። (ይሄን ያነበበ የኛ ስደተኛ ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ልክ የዛን ቀን ሰው ሆኖ ነው የሚገባው።) በመጨረሻ በ1950 የወጣውን ኖ ዌይ አውት የሚባለውን የመጀመሪያ ትልቅ ፊልሙን ከሠራ በኋላ ብር ይዞ የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ገባ። ፊልሙ ላይ ወጣት ዶክተር ነው፣ ጥቁር ጠል የሆነ ወንጀለኛ ወንድሜን ገደልክብኝ ብሎ ይዝትበታል፣ ወንጀለኛውን የሚጫወተው ሪቻርድ ዊድማርክ ነው፣ ካሜራ ፊት ያን ሁሉ ስድብ ይሰድበውና ቀረጻው ቆም ባለ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቀው ነበር ይባላል።

የሚገርመው ያን ጊዜ ባሃማስ በእንግሊዝ ስር ነበረችና አስተዳደሩ ፊልሙን አገደው። ያገራቸው ልጅ የሠራውን ፊልም! ሕዝቡ ተቃውሞ አነሳ፣ እገዳው ተነሳ። እናቱ በሕይወቷ ፊልም አይታ አታውቅም፣ ወስደው አሳዩዋት። ዊድማርክ ሽጉጥ ይዞ ልጇን ሲመታው ብድግ አለችና ሲኒማ ቤቱ ውስጥ «ምታው እንጂ ሲድኒ! መልሰህ ምታው! ምንም አላደረግከውም!» ብላ ጮኸች።

አሁን ደግሞ 17 ዓመት ቁጠሩና 1967 ላይ ምን እንደተፈጠረ አስቡ። ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት። ፖይቲየር የፊላደልፊያ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ደቡብ ውስጥ አንድ የጥጥ እርሻ ጌታ ጋ አበባ ቤቱ ውስጥ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባል፣ ነጩ ሰውዬ በጥፊ ይለዋል፣ ፖይቲየር ዓይኑን እንኳን ሳያርገበግብ እዛው ላይ በጥፊ ይመልስለታል። ያኔ ሲኒማ ቤት የነበረ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ነው የዋጠው። እኔ ያን ጥፊ ሳይ እናቱ ናት የምትታየኝ፣ ይኸው እማዬ ያላት ነው የሚመስለኝ።

ኮስተር

ሁላችሁም የጻፋችሁት ደስ ይላል ግን አንድ ወገን ብቻ አይሁን። ፖይቲየርን እጅግ የተቹት ራሳቸው ጥቁሮች ናቸው፣ ትችታቸውም መሠረት ያለው ነው። ዘ ዲፋያንት ዋንስን እዩት፣ 1958፣ ከቶኒ ከርቲስ ጋር በሰንሰለት የታሰሩ አምላጮች ናቸው፣ መጨረሻ ላይ ፖይቲየር ባቡር ላይ ተንጠልጥሎ ነፃ ሊወጣ ሲል ነጩ ልጅ መሳፈር ስላቃተው ብሎ ይወርዳል። ጥቁሩ ጸሐፊ ጄምስ ባልድዊን እንደጻፈው መሃል ከተማ ያለው ነጭ ተመልካች አጨበጨበ፣ ሃርለም ያለው ተመልካች ግን ወደ ባቡሩ ተመለስ አንተ ሞኝ ብሎ ጮኸበት። ለዛ ፊልም ነው እንግዲህ ለዋና ወንድ ተዋናይ ኦስካር የታጨ የመጀመሪያው ጥቁር የሆነው።

በ1967 ደግሞ ክሊፎርድ ሜሰን የሚባል ጥቁር ጸሐፊ ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ነጭ አሜሪካ ፖይቲየርን ለምን እንዲህ ወደደው ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጌስ ሁ ኢዝ ካሚንግ ቱ ዲነር ላይ የነጭ ልጅ ሊያገባ የሚመጣው ጥቁር ምን ዓይነት ነው? በዓለም የታወቀ ሐኪም፣ ጨዋ፣ ሸጋ፣ ከጋብቻ በፊት ልጅቷን የማይነካ። ነጭ ቤተሰብ ጥቁር ለመቀበል መልአክ መላክ አለበት ማለት ነው? ተራ ሰው፣ ተቆጪ፣ አፍቃሪ፣ የሚሳሳት ጥቁር መቼ ነው የሚታየው? የኦስካሩ ፊልም ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ ራሱ ከጀርመን ለመጡ መነኮሳት ቤተ ጸሎት በነፃ ሠርቶ መንገዱን የሚቀጥል ደግ ሰው ነው። ሰውዬው ትልቅ ተዋናይ ነው፣ የሰጡት ቦታ ግን ጠባብ ነው፣ እሱም ቦታውን ለረጅም ጊዜ ተቀብሎታል።

የድሮ ፊልም ወዳጅ

@ኮስተር ባቡሩን በተመለከተ ካንተ ጋር ነኝ፣ ያን ትዕይንት እኔም አልወደውም። ግን ተቀበለው የምትለው ላይ አንስማማም።

ጌስ ሁ ኢዝ ካሚንግ ሲቀረጽ እኮ በ17 ስቴቶች ነጭና ጥቁር መጋባት በሕግ ወንጀል ነበር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን ሕግ የሻረው ጁን 12 ቀን 1967 ነው፣ ቀረጻው ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ማለት ነው። ያ ሰው እንከን ቢኖርበት ኖሮ ግማሹ ተመልካች ልጅቷን የከለከሉት ለእንከኑ ነው ብሎ ሰበብ ያገኝ ነበር፣ ምንም እንከን ስለሌለው የቀረው ሰበብ ቆዳው ብቻ ሆነ። ይሄ ለኔ ታስቦበት የተሠራ ነው።

ደግሞም ብቻውን ነበር። አሁን ጥቁር ተዋናይ መጥፎም ቢሠራ ደግም ቢሠራ ሌላ መቶ ሰው አለ፣ ያኔ ግን ዋና ሆኖ የሚሠራው እሱ አንድ ራሱ ነው፣ የሁሉንም ሸክም ባንድ ትከሻ። የሜሰን ጽሑፍ እንደጎዳው እሱም አልደበቀም።

እምቢታውን ደግሞ ቁጠርልኝ። ብላክቦርድ ጀንግልን ሲሠራ፣ 1955 የወጣው፣ የስቱዲዮው ጠበቃ የታማኝነት ቃል ፈርም አለው፣ በኮሚኒስትነት ከተጠረጠሩት ጥቁር ተዋናዮች ከነፖል ሮብሰንና ከነካናዳ ሊ ጋር የለሁበትም እንዲል። ካናዳ ሊ ማለት ደቡብ አፍሪካ አብሮት ፊልም የሠራ ታላቁ ነው፣ እዛ ሲገቡ አፓርታይድ ስለሆነ ዳይሬክተሩ ዞልታን ኮርዳ ሁለቱንም የኔ ሎሌዎች ናቸው ብሎ አስመዝግቦ ነው ያስገባቸው፣ ያን ውርደት አብረው የቀመሱ ሰዎች ናቸው፣ ሊ ደግሞ በጥቁር መዝገብ ተይዞ ሥራ ተከልክሎ በ1952 በ45 ዓመቱ ነው የሞተው። ፖይቲየር የሞተ ጓደኛዬን አልክድም ብሎ አልፈረመም።

ጥፊውን በሚመለከት፣ እሱ እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ መልሼ ካልመታሁ አልሠራም ብያለሁ ይላል፣ ስክሪፕቱን የጻፈው ስተርሊንግ ሲሊፋንት ወገን ደግሞ ቀድሞም ተጽፎ ነበር ይላሉ። ፊልሙ የተወሰደበት ልብ ወለድ ላይ ግን ጥፊው የለም። የማያከራክረው ሌላኛው ነው፣ ታሪኩ ሚሲሲፒ ውስጥ ሆኖ ሳለ ደቡብ ሄጄ አልቀረጽም ስላለ ኢሊኖይ ውስጥ ስፓርታ የምትባል ከተማ ተቀረጸ። ለጥቂት ቀን ብቻ ቴነሲ ገቡ፣ እዛም ትራሱ ስር ሽጉጥ አድርጎ ነው የተኛው።

አዛውንቱ

ልጆቼ፣ ደቡብ አልሄድም ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1964 በጋ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮችን ለምርጫ የሚያስመዘግቡ ሦስት ወጣቶች ተገድለው ሬሳቸው ተገኘ። ምዝገባውን የሚያካሂደው የተማሪዎች ድርጅት ገንዘብ አልቆበት ነበርና የፖይቲየር ጓደኛ የሆነው ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ 70,000 ዶላር አሰባሰበ። ብሩ በጥሬው ነው መድረስ ያለበት። ቤላፎንቴ ለፖይቲየር ደውሎ አብረኸኝ ሂድ፣ ሁለት ታዋቂ ጥቁሮችን ባንድ ላይ ለመግደል ይከብዳቸዋል አለው። ኦስካር በወሰደ በአራተኛው ወር መሆኑ ነው። በሌሊት ግሪንውድ በትንሽ አውሮፕላን አርፈው ብሩን በሐኪም ቦርሳ ይዘው መኪና ውስጥ ሲገቡ የኬኬኬ ሰዎች በጭነት መኪና ከኋላ እየገጩ አባረሯቸው። በሕይወት ደረሱ፣ ብሩም ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ያን አገር ለፊልም ብለህ ግባ ቢሉት እንዴት ይግባ?

ሁለቱ የተወለዱት በዘጠኝ ቀን ልዩነት ነው፣ በወጣትነታቸው ነው የተገናኙት፣ እየተጣሉም እየታረቁም እስከ መጨረሻው አብረው ዘለቁ። ፖይቲየር መድረክ ላይ የታየው ራሱ በቤላፎንቴ ምክንያት ነው። ቤላፎንቴ በቀን ሥራው ሕንፃ የሚያጸዳ ነበርና አንድ ማታ ቆሻሻ ማውጣት ተራው ሆኖ ቲያትሩ ላይ ቀረ፣ ፖይቲየር ተተክቶ ገባ፣ የዛኑ ዕለት አንድ የብሮድዌይ ዳይሬክተር ቁጭ ብሎ ያይ ነበር።

ይህ ቤላፎንቴ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ዘፋኞቹን ያሰባሰበው፣ ከዚያም እርዳታ ይዞ አገራችን ድረስ የመጣው ሰው ነው። እኔ ያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ስሙን በሬዲዮ የሰማሁት በዚያ ዘመን ነው። ከግሪንውዱ ሌሊት ጋር ያገናኘሁት ግን ብዙ ቆይቼ ነው።

ማታ ፈረቃ

እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ዕድሜ ይስጥዎት።

ፒክስል

እኔ የ22 ዓመት ልጅ ነኝ፣ እውነት ለመናገር ስሙን የሰማሁት የሞተ ዕለት ነው። አንድ ጥያቄ፣ 1967 ላይ ያን ያህል ትልቅ ከሆነ ከዛ በኋላ የት ጠፋ? ለጥፊው ፊልምስ ኦስካር አገኘ?

ሰብለ ዘቀበና

@ፒክስል አላገኘም፣ ለጥፊው ፊልም አልታጨም እንኳን። ፊልሙ ምርጥ ፊልም ተብሎ አምስት ኦስካር ወሰደ፣ የተዋናዩ ለሮድ ስታይገር ተሰጠ። ስታይገር ይገባዋል ግን እሱን ያን ያህል ያጎላው ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ዝምታ ነው፣ ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ሽልማቱ ራሱ ኤፕሪል 8 ነበር የታሰበው፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ተገደለ፣ ፖይቲየርና ሌሎች እሱ ሳይቀበር ዳንስና ጭብጨባ ላይ አንገኝም አሉ፣ በሁለት ቀን ተገፋ።

አልጠፋም፣ ከካሜራው ኋላ ነው የሄደው። በ1972 ከቤላፎንቴ ጋር በሠሩት የፈረስ ፊልም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጋር አልተስማሙም፣ እሱ ተረከበው፣ ከዛ ጥቁር ቤተሰብ ቅዳሜ ማታ ሄዶ የሚስቅባቸውን ኮሜዲዎች ሠራ። ኮስተር ያልካቸው ተራ የሚሳሳቱ ጥቁሮች እነሱ ላይ ናቸው። በ1980 ሪቻርድ ፕራየርንና ጂን ዋይልደርን ይዞ ያዘጋጀው ስተር ክሬዚ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፣ ጥቁር ዳይሬክተር እዛ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው።

መልአክ አልነበረም ደግሞ። ባለትዳር ሆኖ ከተዋናይቷ ዳያን ካሮል ጋር ለዓመታት ቆይቷል፣ የመጀመሪያ ሚስቱ ሁዋኒታ አራት ሴት ልጆች ይዛ ብዙ ተጎድታለች። ራሱ ነው የጻፈው፣ አላድበሰበሰም።

ኮስተር

@ሰብለ ዘቀበና ኮሜዲዎቹን በዚህ በኩል አላየኋቸውም ነበር፣ ልክ ነሽ። በመልአክነቱ ላይ ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ ግን ከጠባቡ ቦታ የወጣው በገዛ እጁ መሆኑን እቀበላለሁ።

ፒክስል

ከየትኛው ልጀምር? ዛሬ ማታ ከእናቴ ጋር ነው የማየው።

የድሮ ፊልም ወዳጅ

ከእናትህ ጋር ከሆነ መጀመሪያ የ1950ውን፣ በማግሥቱ የ1967ቱን። በመሃል ሌላ አትክተቱ። ዊድማርክ ሲመታው እናትህ ምን እንዳለች መጥተህ ንገረን።